ባለሙያ ልጥራ ወይስ ኮንትራክተር? ቤት ከማደስዎ በፊት የሚወስኑበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሲሚንቶ ወይም ሚስማር ሊገዛ የገባ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሊወጣ ሲል ይመለስና አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ለዚች ሥራ አንድ ባለሙያ ይበቃኛል ወይስ ኮንትራክተር ልያዝ?» ግንቦት ሲጋመስ ጥያቄው ይብሳል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሁሉም ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል። ለአንዱ ቆሜ ስመልስ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። «ባለሙያ» የምለው በእጁ የሚሠራውን ሰው ነው፤ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ቀለም ቀቢ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን። አንዳንዱ ሁሉንም ነካ ነካ ያደርጋል። በቀን ወይም በቁርጥ ይከፈለዋል። ማቴሪያሉን የሚገዙትም ሥራውን የሚከታተሉትም እርስዎ ነዎት። «ኮንትራክተር» የምለው ደግሞ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ያለውን፣ ሥራውን በሙሉ በውል ተረክቦ፣ ባለሙያዎቹን ራሱ ቀጥሮ፣ ጨርሶ የሚያስረክብዎትን ነው። ሁለት ግንበኛና ሦስት የቀን ሠራተኛ ይዞ «ኮንትራክተር ነኝ» የሚል አለ። እሱ ፎርማን ነው። ጎበዝ ፎርማን ብዙ ሥራ ይወጣል። ግን ፈቃድ እንደሌለው አውቀው ይዋዋሉት።

ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ያዘጋጁ

- ደብተርና እስክሪብቶ
- ሜትር፤ ባለ 5 ሜትሩ ይበቃል
- ቱንቢ፤ ከሌለዎት ድንጋይ በሲባጎ አስረው ያንጠልጥሉ፣ ያው ነው
- ትንሽ ጄሶ
- ካቻቢቴ ወይም ወፍራም ሚስማር
- የእጅ ባትሪ
- ካሜራ ያለው ስልክ
- የቤቱ ካርታና ፕላን፣ ካለ

1. ጉዳቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ማንን እንደሚጠሩ የሚወስነው የሚታየው ጉዳት አይደለም፤ ያመጣው ነገር ነው።

ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ቀለበት አዩ እንበል። ዝናብ እየጣለ ሳለ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ይመልከቱ። ውሃው በሚስማር ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። እንደ እኛ አገር ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ቦታ ይህ ቶሎ ይመጣል። አንድ አናጢ ሚስማሩን ነቅሎ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ይቀይረዋል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወራጁ (ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት) ጎብጦ ቆርቆሮው ላይ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሚስማር ቢቀይሩ ውሃው ሌላ መግቢያ ያገኛል። እዚያ ላይ የጣሪያው እንጨት ራሱ መታየት አለበት። ቀለበቱ አንድ ነው፣ የሚጠራው ሰው ግን ሁለት ነው።

የግድግዳ ስንጥቅም እንዲሁ ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ፣ በእነዋሪም በኩል ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው ቤትም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስንጥቁ የቆመ ወይም የሚንቀሳቀስ መሆኑን ይለዩ። አሠራሩ ይህ ነው፦

ሀ) ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጄሶ በስሱ ይለጥፉ። በሁለት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው።
ለ) ቀኑን ጄሶው ላይ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ።
ሐ) ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቁ። በመሐል ጥሩ ዝናብ ቢጥል ይበልጥ ያሳውቅዎታል።

ጄሶው ካልተሰነጠቀ ያረጀ ስንጥቅ ነው፤ ግንበኛ ጠርተው ያስለስኑት። ከተሰነጠቀ ግን ቤቱ እየሄደ ነው። ያኔ ግንበኛም ኮንትራክተርም አይጥሩ። በመጀመሪያ መሐንዲስ ያሳዩ። ከመሐንዲሱም በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ፤ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው የት ነው? ብዙ ቤት አሸንዳ የለውም። ውሃው ክረምቱን ሙሉ መሠረቱ ሥር ሲፈስ ይከርማል። አሸንዳና የውሃ መውረጃ ተደርጎለት ስንጥቁ በዚያው የቆመለት ደንበኛ አለኝ፤ ያን ያደረገለት አንድ አናጢ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና ፈንታሌ በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋግሞ ነበር፣ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ስንጥቅ ካለዎት ቅርጹን ይዩ። በመስኮቶች መሐል እንደ መስቀል የተጣመረ ከሆነ፣ ወይም ኮለንና ቢም (የኮንክሪቱ ቋሚና አግድም) የሚገናኙበት ላይ ከሆነ፣ የጄሶውን ወር አይጠብቁ። መሐንዲስ ቶሎ ይየው።

2. ሥራው ቤቱን የተሸከመውን ነገር ይነካል?

መሠረት፣ ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል)፣ የጣሪያ ወራጅ፣ ጣሪያ የተጫነበት ግድግዳ። ከእነዚህ አንዱን የሚያፈርስ፣ የሚቆርጥ ወይም ክብደት የሚጨምርበት ሥራ ከሆነ መልሱ አለቀ፤ መሐንዲስ የሠራው ንድፍና ኮንትራክተር ያስፈልግዎታል። ምክንያቱም እነዚህ ክፍሎች ስህተት ሲሠራባቸው ዛሬ አይናገሩም። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚናገሩት። ያኔ የቀን ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደውን ሰው የት ያገኙታል?

ግድግዳው ተሸካሚ መሆኑን ለማወቅ ኮርኒሱ ውስጥ ይመልከቱ። ወራጆቹ በላዩ ካረፉ ተሸካሚ ነው። ኮለንና ቢም ያለው የብሎኬት ቤት ከሆነ በመሐል ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል መለያ ብቻ ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ለማቀላቀል መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው።

አንድ ፎቅ ልጨምር የሚሉም ይመጣሉ። መሠረቱ ለምድር ቤት ብቻ ታስቦ የተጣለ ከሆነ ይህ ጥገና አይደለም፣ አዲስ ግንባታ ነው። ይህ መመሪያ አይመለከተውም።

3. ቤትዎ ከምን ተሠራ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። መልሱን የሚገለብጠው ግን እሱ ነው።

ጭቃ ቤት ከሆነ፣ ኮንትራክተር አይጥሩ። አብዛኛው ኮንትራክተር የሚያውቀው ብሎኬትና ብረት ነው። ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ይለስንልዎታል፣ ሲሚንቶው ጭቃውን ሳይዝ በክረምት ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። የሚያስፈልግዎ ጭቃ ማቡካት፣ ጭድ መመጠንና ቋሚ መቀየር የሚያውቅ ነባር አናጢ ነው። ቋሚዎቹን በካቻቢቴ ይፈትሹ፤ ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህል ይውጉት። ካቻቢቴው ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል። ወደ ሸዋ ሮቢት በኩል ቆላው ላይ ምስጡ ይብሳል። አንድ ሁለት ቋሚ ከሆነ አናጢው ጣሪያውን በድጋፍ ይዞ አንድ በአንድ ይቀይረዋል። አንድ ሙሉ ጎን ከበሰበሰና ቱንቢ ሲያንጠለጥሉ ግድግዳው ካዘነበለ መጠገኑ አያዋጣም።

መንዝና በአንኮበር አካባቢ እንዳለው የድንጋይ ቤት ከሆነም ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጉ። የብሎኬት ግንበኛ ሁሉ ድንጋይ አያውቅም። «የድንጋይ ሥራህን አሳየኝ» ይበሉት።

የብሎኬት ቤት ከሆነ የቀሩት ደረጃዎች እንዳሉ ይሠራሉ።

4. ስንት ሙያ እንደሚገናኝ ይቁጠሩ

በደብተርዎ ላይ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ማን እንደሚሠራው ያስፍሩ። አንድ ወይም ሁለት ሙያ ከሆነ ባለሙያ ይበቃል። ሦስት ከሆነ እርስዎ ራስዎ በየቀኑ ቦታው ላይ መሆን ከቻሉ ባለሙያ፣ ካልቻሉ ፎርማን ወይም ኮንትራክተር። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ኮንትራክተር።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ሙያ በበዛ ቁጥር ተራ ይመጣል፤ ተራው ሲፋለስ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። እኔ የራሴን መታጠቢያ ቤት ሳድስ «ይህችን ማን ያቅተዋል» ብዬ ሦስት ሰው ለየብቻ ቀጠርኩ። ሴራሚክ የሚለጥፈው ቀድሞ መጣ፣ ቆንጆ አድርጎ ለጠፈ። በአራተኛው ቀን ከኋላው ያለው ቱቦ ማንጠባጠብ ጀመረ። የቧንቧው ሰው «ሳይሞከር ነው የለጠፈው» አለ። የሴራሚኩ ሰው «ጨርሻለሁ ብሎኝ ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቱቦው ውሃ ተሞልቶ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ የሚል ሰው መኖር ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ሱቅ ነበርኩ። አዲሱን ሴራሚክ በመዶሻ አስፈረስኩት።

ቤቱ ያለው እርስዎ ከሚኖሩበት ርቆ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት። አዲስ አበባ ተቀምጠው ደብረ ብርሃን ያለውን የወላጆችዎን ቤት የሚያሳድሱ ከሆነ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየቀኑ አይመላለሱትም። እማማን «ሠራተኞቹን ይከታተሉልኝ» ማለት ደግሞ ለእሳቸው ቡና ማፍላት ነው የሚሆነው። ሁለት ሙያ ቢሆንም እንኳ ፎርማን ይያዙ።

5. መብራትና ውሃን ለብቻ ይዩ

አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ሶኬት፤ ኤሌክትሪሺያን ይበቃል። የቤቱ መስመር በሙሉ የሚቀየር ከሆነም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን እንጂ «ሁሉን እሠራለሁ» የሚለው ሰው አይንካው።

ስለ ምጣድ በተለይ ልናገር፤ በየሳምንቱ የተቃጠለ ሶኬት ይዞ የሚመጣ አለ። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ተራው ሶኬትና ሽቦ ደግሞ የሚችለው እስከዚያው ብቻ ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ (4 ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስደርጉ። የአንድ ኤሌክትሪሺያን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለዚህ ኮንትራክተር መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

የውሃ ቱቦ መቀየር፣ ሮቶ ማስቀመጥ፣ ቧንቧ ማጥበቅ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው። ሮቶው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነ ግን የሚቆምበትን ያስቡ። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ይመዝናል። አሮጌ ሶሌታ ላይ ወይም በእንጨት ማማ ላይ ከመስቀልዎ በፊት ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

6. ፈቃድ ይጠይቁ

ቀለም፣ ልስን፣ ቆርቆሮ መቀየር ብዙ ጊዜ አያነጋግርም። ግድግዳ ማፍረስ፣ ክፍል መጨመር፣ አጥር ማዛወር ግን ያነጋግራል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ማንኛውንም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄደው «ይህን ልሠራ ነው» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። በእነሱ በኩል ንድፍ ከተጠየቁ የደረጃ 2ም መልስ አብሮ ተገኘ ማለት ነው።

7. ዋጋ ይጠይቁ፣ ግን በአንድ ወረቀት

ለሦስት ሰዎች ያንኑ ወረቀት ይስጡ። ስፋቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ የማቴሪያሉ ዓይነት፣ ማን እንደሚገዛው፣ ፍርስራሹን ማን እንደሚያወጣ ይጻፉበት። ለአንዱ በቃል ለሌላው በስልክ ከነገሩ የሚመጣልዎ ዋጋ አይነጻጸርም። አንዱ «የእጅ ብቻ» ይነግርዎታል፣ ሌላው ከነማቴሪያሉ።

የኮንትራክተሩ ዋጋ ከፍ ይላል። ውስጡ ክትትል፣ ግብር፣ ትራንስፖርትና የሚበላሽ ነገር አለ። የባለሙያው ዋጋ ያነሰ የሚመስለው የእርስዎ ቀናት ስላልተቆጠሩበት ነው። ይቁጠሯቸው። ከሥራ የሚቀሩበትን ቀን፣ ሚስማር ጎደለ ሲባሉ የሚሮጡበትን ባጃጅ ሁሉ ይደምሩና ያወዳድሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ኮንትራክተሩን እመርጣለሁ። ብዙ ከሆነና ቤትዎ አጠገብ ካሉ፣ ባለሙያውን።

ጊዜውንም ይጠይቁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የቀን ሠራተኛ አጨዳ ላይ ነው። ገጠር ቀበሌ ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እጁን ከሥራ የሚያነሳ ባለሙያ ብዙ ነው። «በ10 ቀን» ሲባሉ የትኞቹ 10 ቀናት እንደሆኑ ይቁጠሩ።

8. ውል ይጻፉ፣ ክፍያውን ይከፋፍሉ

ለግማሽ ቀን ሥራ ውል አያስፈልግም። ከሳምንት የሚያልፍ ከሆነ ግን ለባለሙያም ቢሆን አንድ ገጽ ይጻፉ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ብር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚያስተካክል፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት አይጸናም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ጠርተው ያስፈርሙ።

ኮንትራክተር የሚይዙበት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በዚሁ ሕግ በቁጥር 3039 የሥራ ተቋራጩ ለሥራው ደህንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ስለዚህ የርክክቡን ቀን በወረቀት ያስፍሩ፤ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። አድራሻው የማይታወቅ ሰው ላይ ግን ይህ ሕግ ወረቀት ነው። ፈቃዱን ፎቶ ያንሱ፣ የታደሰ መሆኑን ይዩ።

ክፍያውን እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ሲጀመር 30 በመቶ፣ ሲጋመስ 40፣ ሲያልቅ 20። የቀረው 10 በመቶ ጣሪያ ከሆነ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ቧንቧ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከፈል። ይህን መጀመሪያ ይንገሩ። ሲያልቅ ቢያመጡት ጠብ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- ቆጣሪውንና ማኅተሙን ማንም እንዳይነካ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። «እኔ እቀጥለዋለሁ» ያለውን ባለሙያ በዚያው ይሸኙት።
- አሮጌ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አይግባ። ያለው ጋዝ ሽታ ሳይሰጥም ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውም ይከተላል። በመምጠጫ መኪና ይሠራ።
- እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም እንዳይወጣ፤ ጠዋት ውርጭ ያረፈበትም እንደ እርጥብ ይቆጠራል።
- በኅዳርና በታኅሣሥ ልስን የሚያስለስኑ ከሆነ ሥራው ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይቁም፣ ማታ በላስቲክ ይሸፈን። ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ልስኑ ዱቄት ይሆናል።

የተለመዱ ስህተቶች

ሒሳቡን በሙሉ በቀብድ መስጠት። «ማቴሪያል ልግዛ» ካለ አብረው ሄደው ይግዙ፣ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን።

የሥራ ፎቶ በስልክ አይቶ ማመን። ፎቶው የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ክረምት ያለፈበት ሥራውን ሄደው ይዩ፣ ባለቤቱን ያነጋግሩ። አዲስ ልስን ሁሉ ያምራል።

ልስን ተለስኖ ሲያልቅ ሠራተኛውን መሸኘት። ሲሚንቶ ውሃ ይፈልጋል፤ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይጠጣ። ማን እንደሚያጠጣ በውሉ ላይ ይኑር፤ ካልተጻፈ ማንም አያጠጣም።

ቀለም ቀብቶ ስንጥቅ መደበቅ። ቤቱን ሊሸጡ ካልሆነ (ሊሸጡ ከሆነም ነውር ነው) ደረጃ 1ን ይሥሩ።

የመጨረሻው የእኔው ሱቅ በር ላይ የሚሠራ ስህተት ነው። «ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ስጠኝ፣ ወፍራሙን» ይሉኛል። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 28 ከባለ 35 ይወፍራል። ባለሙያው 28 ብሎ ተዋውሎ 32 ካመጣ ጣሪያ ላይ ከተመታ በኋላ በዓይን አይለዩትም። ሳይወጣ በፊት ጠርዙን ነካ ያድርጉት፣ ከሱቅ ከወሰዱት ቁራጭ ጋር ያስተያዩት። ቁራጭ በነፃ እሰጣለሁ።